የስምንት ደመናዎችና የአንዲት ልጅ እናት

እናታችን ጥር 23 ቀን 1936 ዓ.ም. ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ባለች ሁለት ክፍል ቤት፣ ከውሃ ቆጣሪ አንባቢው አባታቸውና ከልብስ ሰፊዋ እናታቸው ተወለዱ። ለቤቱ ሦስተኛና የመጨረሻ ልጅ ነበሩ። ሲወለዱ አላለቀሱም ይባላል። አዋላጇ ደንግጣ ጀርባቸውን መታ ስታደርጋቸው ዓይናቸውን ገልጠው ዝም ብለው አዩዋት። ይህን ሲያወሩ የኖሩት አያታችን፣ «ይህቺ ልጅ የመታትን ሰው እንደማትረሳ ያን ጊዜ አወቅሁ» ይሉ ነበር።

በእንዲህ ያለ ቀን ሟችን ደግ፣ ትሑትና ይቅር ባይ ብሎ መሸኘት የተለመደ ነው። እናታችን ደግ ነበሩ፤ ጎረቤት ሁሉ ይመሰክራል። ትሑትም ነበሩ። ይቅር ባይ ግን አልነበሩም፤ ይህንንም ሳንሸፋፍን እንድንናገር ያዘዙን ራሳቸው ናቸው። ከማረፋቸው ሦስት ሳምንት በፊት ልጃቸውን አልጋቸው አጠገብ አስቀምጠው፣ «የሕይወት ታሪኬን ስትጽፊ ውሸት እንዳትጨምሪ፤ ቂሜንም እንዳትቀንሺ» አሏት። ቀጥለውም በቀብራቸው ዕለት ከፊት ረድፍ፣ መሐል ወንበር ላይ ማን መቀመጥ እንዳለበት ነገሯት። ያ ወንበር ዛሬ ባዶ አይደለም። የተጋበዙት እንግዳ በሰዓቱ ደርሰዋል፤ ቤተሰቡ ያመሰግናል።

እኚህ እንግዳ በዚህ ጽሑፍ «ክቡርነታቸው» እየተባሉ ይጠራሉ። ስሙን ያወጡላቸው የሰማይ መመልከቻ ጣቢያው ሠራተኞች ሲሆኑ፣ እርሳቸውም አክብሮት መስሏቸው ወድደውት ነበር። ክቡርነታቸው ለአርባ ሰባት ዓመት የዘጠኝ ደመናዎች ባለቤት ተብለው ኖረዋል። ከዘጠኙ ስምንቱ የእናታችን ናቸው። ስለ ዘጠነኛው በመጨረሻ እንነጋገራለን። የዚህ ሕይወት ታሪክ ጉዳይ ይኸው ነው፤ ሌላው እግረ መንገዱን የሚነገር ነው።

እናታችን ከሰባት ዓመታቸው ጀምሮ ትምህርት በሌለ ቀን አባታቸውን ተከትለው በየሰው ግቢ ይዞሩ ነበር። አባት ጎንበስ ብለው የቆጣሪውን ክዳን ያነሣሉ፣ መስታወቱን በእጅጌያቸው ይጠርጋሉ፤ እናታችን ደግሞ መርፌው ያመለከተውን ቁጥር በእርሳስ ይጽፋሉ። አንድ ቀን አሥራ ሁለት ሰው የሚኖርበት ቤት ደርሰው መርፌው አንድ ሰው እንኳ የማያጠግብ ቁጥር ላይ ቆሞ አገኙት። እናታችን ይህ ልክ ሊሆን አይችልም ብለው ከፍ ያለ ቁጥር ጻፉ። አባታቸው ወረቀቱን አይተው ኪሳቸው ከተቱት፤ መንገዱን ግማሽ ከሄዱ በኋላ ቆመው፣ «ተመለሺ» አሏቸው። ተመልሰው ክዳኑን እንደገና አነሡ። «መርፌው ያለውን ጻፊ፤ ማለት ነበረበት ብለሽ ያሰብሽውን ለራስሽ ያዢው» አሉ። በማግስቱ ቆጣሪው ተፈትቶ ሲታይ ጥርሱ ተበልቶ ተገኘ። መርፌው ያለው ልክ ባይሆንም የጻፉት ግን ልክ መሆን ነበረበት። እናታችን ይህን ትምህርት እስከ ዕለተ ሞታቸው አልለቀቁትም።

የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በሰፈራቸው አጠናቅቀው በ1955 ዓ.ም. የሳይንስ ኮሌጅ ገቡ። ከአርባ ተማሪዎች ሁለቱ ሴቶች ነበሩ፤ ሁለተኛዋ በዓመቱ አግብታ ሄደች። እናታችን በ1959 ዓ.ም. በሒሳብና በፊዚክስ በማዕረግ ተመረቁ። መምህራኖቻቸው የምስክር ወረቀታቸው ላይ «ጽሕፈቷ ንጹሕ ነው» ብለው ጻፉላቸው። ያን ዓመት ለተመረቀ ወንድ ሁሉ የተጻፈው «አእምሮው ብሩህ ነው» የሚል ነበር። እናታችን ሁለቱንም ዓይነት ወረቀት ጎን ለጎን አይተዋል፤ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ የሚያስታውሱትን ነገር ዝርዝር መያዝ ጀመሩ።

በኅዳር 1960 ዓ.ም. ከከተማው ወጣ ብሎ ኮረብታ ላይ በነበረው የሬዲዮ ቴሌስኮፕ ጣቢያ «ረዳት መዝጋቢ» ሆነው ተቀጠሩ። ጣቢያው ሁለት ክፍልና አንድ ትልቅ ሳህን ነበር። ሳህኑ ወደ ሰማይ አፉን ከፍቶ ሣሩ ላይ የቆመ፣ ወርዱ አሥራ ስምንት ሜትር የሆነ የብረት መረብ ነው። በአንደኛው ክፍል መቀበያው፣ የብረት ጠረጴዛውና የመዝጋቢው ብዕር ነበሩ፤ ሁለተኛው እስከ ጣሪያው ድረስ በጥቅል ወረቀት የተሞላ ሆኖ ቀለም ቀለም ይሸት ነበር። መስኮቱ የሚያሳየው ኮከብ ሳይሆን የመኪና ማቆሚያውን ነው። የሬዲዮ ሰማይ ፀሐይ ወጣች ገባች አይልምና ሥራው ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ አሥራ አንድ ነበር። እናታችን ፀጉራቸውን ጠቅልለው እርሳሳቸውን እዚያ ላይ ይሰኩ ስለነበር፣ የጣቢያው ሰው «ወይዘሪት እርሳስ» ይላቸው ጀመር።

ሥራቸውን ለማያውቅ ሰው በአጭሩ እንዲህ ነበር። በከዋክብት መካከል ያለው ባዶ የሚመስለው ቦታ ባዶ አይደለም፤ ቀጭን የሃይድሮጅን ጋዝ አለበት። ይህ ጋዝ የሞገዱ ርዝመት ሃያ አንድ ሴንቲ ሜትር የሆነ ደካማ የሬዲዮ ድምፅ አለው። መቀበያው ላይ የነበረውን ክብ ማዞሪያ አንድ ትንሽ ሞተር ቀስ እያለ ያዞረዋል፤ ማዞሪያው በዞረ ቁጥር ብዕሩ ወረቀቱ ላይ መስመር ይስላል። ጋዝ ሲገኝ መስመሩ ከፍ ይልና ጉብታ ይሠራል። ጋዙ ወደ እኛ እየመጣ ከሆነ ጉብታው ወደ አንድ ጎን፣ እየሸሸን ከሆነ ወደ ሌላው ጎን ፈቀቅ ይላል። የምንኖርባት ጋላክሲ ጠፍጣፋ ናት፤ ጋዟም በአብዛኛው በዚያው በጠለሏ፣ ማለትም በጠፍጣፋው ገጿ ላይ ተኝቷል። ስለዚህ ሳህኑ የትም ቢዞር በወረቀቱ መሐል አካባቢ አንድ ትልቅ ጉብታ ይታያል። ብዕሩ ትልቁን ጉብታ ስሎ ሲጨርስ መዝጋቢዋ ጎንበስ ብላ ሰዓቱን በወረቀቱ ጠርዝ ላይ በእርሳስ መጻፍ አለባት። ይህ የጣቢያው ደንብ ነበር፤ እንድታስታውሱት እንጠይቃለን።

በ1962 ዓ.ም. መዝጋቢው ማሽን በሳምንት ሦስት ጊዜ ይበላሽ ጀመር። ሊጠግን የሚመጣው ቴክኒሽያን አባታችን ነበሩ። የሚጠግኑት ነገር ባይኖርም ለአንድ ሰዓት ያህል ይቆዩ ነበር። በሚያዝያ 1963 ዓ.ም. ተጋቡ፤ ማሽኑም ከዚያ ወዲህ ተበላሽቶ አያውቅም። አባታችን ዝምተኛ፣ እጃቸው ሁልጊዜ ግራሶ የነካው፣ ለእናታችን ብለው ወንዝ የሚሻገሩ ሰው ነበሩ። ነፍሳቸውን ይማርና በ1998 ዓ.ም. ዐርፈዋል፤ የዛሬውን ቀን ሳያዩ በማለፋቸው ልጃቸው ታዝናለች።

በ1965 ዓ.ም. መጋቢት ወር፣ ማክሰኞ ከምሳ በኋላ፣ ሳህኑ ከጋላክሲው ጠለል ወደ ላይ ርቆ ወደሚገኝ ጸጥ ያለ ሰማይ ዞሮ ሳለ፣ እናታችን ከትልቁ ጉብታ ጎን አንዲት ትንሽ ጉብታ አዩ። ሞተሩን መልሰው አስነሡት፤ ደገመች። በማግስቱም እዚያው ጠበቀቻቸው። ሦስት ጊዜ ያልታየ ነገር ዝርዝር ውስጥ አይገባም የሚል የራሳቸው ሕግ ነበራቸውና ሦስተኛው ሲሞላ ብቻ ጻፉት። ነገሩ ከጠለሉ በላይ የተንሳፈፈ፣ በሰከንድ ስልሳ ኪሎ ሜትር ወደ እኛ የሚወርድ የሃይድሮጅን ደመና ነበር። የሰው ልጅ ሁሉ ከሥሩ ሲወጣና ሲገባ አንድም ሰው ቀና ብሎ አላየውም። እናታችን ያን ቀን ቦርሳቸውን ረስተው ከጣቢያው እስከ ቤታቸው በእግራቸው መጡ።

ጥቅሉን ለክቡርነታቸው አሳዩ። ክቡርነታቸው የጣቢያው ኃላፊ ነበሩ። ከመነጽራቸው በላይ አይተው፣ «ይህ የመኪና ሞተር ጫጫታ ነው፤ አታድክሚኝ» አሏቸው። እናታችን አልተከራከሩም። ማቆሚያው ላይ አንድም መኪና በሌለበት በበዓል ቀን እየመጡ ለኩ። ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን አገኙ። በየጊዜው ይወስዱላቸዋል፤ በየጊዜው ጫጫታ ይባላል። በሦስት ዓመት ውስጥ ደመናዎቹ ስምንት ደረሱ። ለእያንዳንዳቸው ቦታቸውን፣ ፍጥነታቸውን፣ የታዩበትን ቀንና ሰዓት በዚያ ንጹሕ በተባለ ጽሕፈታቸው መዘገቡ።

በነሐሴ 1968 ዓ.ም. ከሌላ ጣቢያ ለክቡርነታቸው አንድ ደብዳቤ መጣ። እዚያም ሁለት ተመሳሳይ ደመናዎች ታይተው ኖሮ «እናንተስ ጋ አሉ?» የሚል ነበር። ጫጫታው በአንድ ቀን ጌጥ ሆነ። ክቡርነታቸው ራሳቸው ወደ መዝጋቢው ክፍል መጥተው፣ በሩ ላይ ቆመው፣ «ያቺን ዝርዝርሽን አምጪልኝ እስቲ፤ አብረን እናያታለን» አሉ። እናታችን «አብረን» የሚለውን አመኑ። በሕይወታቸው የሚቆጫቸው አንዱ ነገር ይህ ነበር።

እናታችን በዚያን ጊዜ እርጉዝ ነበሩ። በመስከረም 1969 ዓ.ም.፣ በሰባተኛው ወራቸው፣ ዝርዝሩን ሊያስረክቡ ባሉበት ሳምንት ዘጠነኛ ጉብታ ታየ። ከስምንቱ የሚበልጥ፣ የሚፈጥን፣ መልከ መልካም ነበር። በሦስት ቀን ሦስት ጊዜ ስለታየ እንደ ሕጋቸው ጻፉት። ዘጠኙን በዘጠኝ ገጽ አድርገው አስረከቡ።

በሦስተኛው ሳምንት ዘጠነኛው ደመና እንዳልሆነ አወቁ። ሳህኑ ወደ ሌላ አቅጣጫ ሲዞር ያው ጉብታ እዚያም ታየ፤ ወደ ሌላ ሲዞር እዚያም። ሳህን የሚከተል ደመና የለም። ምክንያቱን ያገኙት አባታችን ናቸው፤ እንዴት እንዳገኙት በቦታው ይነገራል። እናታችን የአባታቸው ልጅ ናቸውና ሐሙስ ጠዋት ስህተታቸውን ሊያርሙ ወደ ክቡርነታቸው ቢሮ ሄዱ። «ዘጠነኛውን ይሰርዙልኝ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው» ሊሉ ነበር የሄዱት።

ጸሐፊዋ ከመተየቢያ ማሽኗ ቀና ብላ አየቻቸውና ዓይኗን መለሰች። ክቡርነታቸው ጠረጴዛ ላይ ስለ ደመናዎቹ ለመጽሔት የተዘጋጀ ጽሑፍ ቅጂ ነበር፤ ዋናው በፖስታ ከሄደ አራት ቀን ሆኖታል። ዘጠኙም ደመናዎች አሉበት፤ የእናታችን ቃላት፣ ነጠላ ሰረዛቸው ሳይቀር፣ አሉበት። ስማቸው የለም። ርዕሱ ሥር ያለው የአንድ ሰው ስም ብቻ ነው።

እናታችን ስሜ የታለ ብለው ጠየቁ። ክቡርነታቸው ወንበራቸው ላይ እንደተደገፉ፣ «አንቺ መስመር ነው ያሰመርሽው፤ ሰማዩን ያነበብኩት እኔ ነኝ» አሉ። አክለውም ሆዳቸውን በዓይናቸው እያመለከቱ፣ «ደግሞስ በዚህ ሁኔታሽ እቤትሽ ቁጭ ብትዪ አይሻልም?» አሉ።  እናታችን አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁ።

«ዘጠኙንም በዓይንዎ አይተዋቸዋል?»

«ዘጠኙንም። በተለይ ዘጠነኛውን» አሉ ክቡርነታቸው።

«እንግዲያው ይሁን» ብለው እናታችን በሩን ቀስ አድርገው ዘግተው ወጡ። ደረጃው ላይ ሲደርሱ እንደሳቁ ጸሐፊዋ ከብዙ ዓመት በኋላ መስክራለች። ዝም አይነቅዝም እንዲሉ፣ ያን ቀን የያዟትን ነገር ለአርባ ሰባት ዓመት ሳትነቅዝ አስቀመጧት።

በኅዳር 1969 ዓ.ም. ልጃቸውን ወለዱ። ወልደው ሲመለሱ ቦታቸው ተይዞ፣ እርሳስ መቅረጫቸው በካርቶን ተደርጎ በር ላይ ቆያቸው። ጥቅል ወረቀቶቹ «ጊዜ ያለፈባቸው» ተብለው ሊጣሉ ግቢ ተቆልለው ነበርና አባታችን ዘበኛውን አስፈቅደው ዘጠኙን ለይተው በብስክሌት ወደ ቤት አመጡ። እናታችን በ1970 ዓ.ም. በውሃ መሥሪያ ቤት የቆጣሪ መፈተሻ ክፍል ገቡ። እስከ ጡረታቸው ድረስ የሚዋሹ መርፌዎችን ሲያርሙ ኖሩ፤ የክፍሉም ኃላፊ ሆኑ። ከእጃቸው ወጥቶ የተመለሰ ቆጣሪ የለም ይባላል።

ክቡርነታቸው በበኩላቸው ከፍ ከፍ አሉ። ስምንቱን ደመናዎች ሌሎች በተሻለ መሣሪያ እየፈለጉ አገኟቸው፤ እናታችን የጻፉት ቦታ ላይ፣ በጻፉት ፍጥነት። ዘጠነኛው ደግሞ በክቡርነታቸው ስም ተሰየመ። በጣቢያው መግቢያ ግድግዳ ላይ የዘጠኙ ሥዕል ተሠራ፤ ዘጠነኛው ከሁሉም ጎልቶ፣ በወርቃማ ቀለም።

ከ1976 ዓ.ም. ጀምሮ ክቡርነታቸው በየዓመቱ በከተማው አዳራሽ ለሕዝብ ንግግር ያደርጉ ነበር። እናታችን አንዱንም አልቀሩም። ሦስተኛው ረድፍ፣ ከዳር ሁለተኛዋ ወንበር የእርሳቸው ነበረች። የጥያቄ ሰዓት ሲደርስ እጃቸውን አውጥተው በትሕትና፣ «ስለ ዘጠነኛው ደመና ትንሽ ቢያብራሩልን» ይሉ ነበር። ሌላ ጥያቄ ጠይቀው አያውቁም። ክቡርነታቸውም ደስ ብሏቸው ያብራሩ ነበር። በመጀመሪያው ዓመት ሙቀቱን ነገሩን። በሦስተኛው መዘኑት። በሰባተኛው ከዋክብት ይወለዱበታል አሉ። በዘጠነኛው ዓመት ሌሎች ጣቢያዎች ፈልገው እንዳጡት ሲነገር፣ «ትዕግሥት ላለው ብቻ ነው የሚታየው» አሉ። በአሥራ ሦስተኛው «ተበትኗል» አሉና ስለ መበተኑ ሽልማት ተቀበሉ። ደመናው ብቅ ሳይል ተወለደ፣ ሳይኖር ሞተ፤ ክቡርነታቸው ለሁለቱም ተጨበጨበላቸው። እናታችን መልሱን ሁሉ ቀኑን እየጻፉ በደብተር ያዙት። ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይባላል፤ የክቡርነታቸው ግን በየዓመቱ ይከብድ ነበር። አንዳንድ ጊዜ ከመድረክ ላይ ሆነው፣ «የዘወትር አድማጬ መጥታለች» እያሉ ያስጨበጭቡላቸው ነበር። ማን እንደሆኑ ረስተዋቸው ነበር። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

በአሥራ ዘጠነኛው ዓመት፣ በ1994 ዓ.ም.፣ እናታችን ጥያቄያቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ ትንሽ ለወጥ አደረጉት። «ዘጠነኛውን ያየው ሰው ስምንቱን ያየው ሰው ራሱ ነው?» አሉ። ክቡርነታቸው እንዲህ ዓይነት ጥርጣሬ ሰልችቷቸው ኖሮ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው መለሱ፤ «አንድ ዓይን ነው ያየው። ዘጠነኛው የእኔ ካልሆነ ስምንቱም የእኔ አይደሉም። ይህን ጻፉልኝ!» በማግስቱ የከተማው ጋዜጣ ቃል በቃል አወጣው። እናታችን ቁራጩን ቆርጠው ደብተራቸው መጨረሻ ላይ ለጠፉት፤ ከዚያ ወዲያ ወደ አዳራሹ አልሄዱም።

አባታችን ከዚህ በላይ ምን እንደሚጠበቅ ሊገባቸው አልቻለም ነበር። «አሁን ተናገሪያ!» ይሏቸው ነበር። ልጃቸውም ካደገች በኋላ ደጋግማ ጠይቃቸዋለች፤ አንድ ጊዜም ተጣልታቸዋለች። ሰው ዕድሜውን ሙሉ በአንድ ሰው ቂም ላይ ተቀምጦ ይኖራል ወይ ብላ አልቅሳለች። እናታችን እንባዋን እስክትጨርስ ጠብቀው እንዲህ አሏት፤ «በሕይወቴ ብናገር ምቀኛ ይሉኛል። የሞተ ሰው ግን አይቀናም። ደግሞ በቀብር ላይ የሕይወት ታሪክ ሲነበብ የሚያቋርጥ የለም።» ለዚህ ደግሞ ክቡርነታቸው ከእርሳቸው በኋላ መኖር ነበረባቸው። እናታችን በየዓመቱ ለልደታቸው ካርድ ይልኩላቸው ነበር፤ ጉንፋን እንዳይዛቸው፣ በደረጃ ሲወርዱ እንዲጠነቀቁ ይመክሯቸው ነበር። ክቡርነታቸው ዛሬ ሰማንያ ስድስት ዓመታቸው ነው። ለዚህ ዕድሜ እንዲበቁ እንደ እናታችን የጸለየላቸው ሰው ያለ አይመስለንም።

እናታችን ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በልብ ድካም ሲታመሙና በሕክምና ሲረዱ ቆይተዋል። በጥቅምት 2016 ዓ.ም. ሆስፒታል ሲገቡ ልጃቸው በትእዛዛቸው መሠረት ለክቡርነታቸው ደውላ የዘወትር አድማጭዎ ታመዋል አለቻቸው። ክቡርነታቸው አበባ ይዘው መጡ። በደግነት ነው የመጡት፤ ይህን መካድ አይገባም። አልጋው ጫፍ ተቀምጠው ምን ላድርግልዎ ሲሏቸው፣ እናታችን የኦክስጅኑን ጭንብል በእጃቸው ገለጥ አድርገው፣ «በቀብሬ ላይ ይናገሩልኝ» አሉ። ክቡርነታቸው ዓይናቸው እንባ አቀረረና ቃል ገቡ። እናታችንም ጭንብላቸውን መልሰው አደረጉ። በዚያ ቀን ከወር ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሾርባቸውን ጨረሱ።

ሰማንያ ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩ፣ ታኅሣሥ 8 ቀን 2016 ዓ.ም. ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ፣ ልጃቸው እጃቸውን ይዛ ሳለች ዐረፉ።

አሁን ቃል ወደተገባው ወደ ዘጠነኛው ደመና እንምጣ።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ በጥቅምት 1969 ዓ.ም.፣ አባታችን ልብስ ሲያጥቡ ከእናታችን የሥራ ቀሚስ ላይ፣ ልክ እምብርታቸው በሚያርፍበት ቦታ፣ የሳንቲም ያህል ክብ የሆነ የግራሶ ነጥብ አገኙ። በሳሙና ፈተጉት፤ አልለቀቀም። አሸተቱት። ግራሶው ሱቅ የሚሸጥ አልነበረም፤ ለመቀበያው ማዞሪያ ብለው ራሳቸው ከሰምና ከማሽን ዘይት የሚያዋሕዱት ነበር። ቀሚሱን እንደያዙ ገቡና፣ «ሆድሽ ማዞሪያዬን እየነካ ነው» አሉ።

ነገሩ ይኸው ነው። ብዕሩ ትልቁን ጉብታ ስሎ ሊጨርስ ሲል እናታችን ሰዓቱን ለመጻፍ ጎንበስ ይላሉ፤ ጎንበስ ሲሉ የሰባት ወር ሆዳቸው ማዞሪያውን ገፋ አድርጎ ትንሽ ወደ ኋላ ይመልሰዋል፤ ብዕሩም ያለፈውን ጉብታ ጫፍ ደግሞ ይስለዋል። በወረቀቱ ላይ ሲታይ በፍጥነት ወደ እኛ የሚመጣ አዲስ ደመና ይመስላል። ስምንቱ ሲታዩ ሆድ አልነበረም። ዘጠነኛው ከሆድ ጋር መጣ፤ ከሆድም ጋር ሄደ።

ክቡርነታቸው በዓይናቸው ያዩት፣ የመዘኑት፣ ሙቀቱን የለኩት፣ ከዋክብት የሚወለዱበት፣ በስማቸው የተጠራው፣ በወርቃማ ቀለም የተሣለው ያ ነው። በመውጫው በር ጠረጴዛ ላይ ዘጠኙ ጥቅሎች፣ የደብተሩ አሥራ ዘጠኝ መልሶች፣ የጋዜጣው ቁራጭና ቀሚሱ ተቀምጠዋል። ግራሶው አሁንም አለ። በየጥቅሉ ጠርዝ ያለው እርሳስ የማን እጅ እንደሆነ፣ በዚህ መርሐ ግብር ሽፋን ላይ ከታተመው ፊርማቸው ጋር ማስተያየት ይቻላል። የዘጠኙም ቅጂ ሰኞ ዕለት ለጣቢያው፣ ለጋዜጣውና ጽሑፉን ላወጣው መጽሔት በፖስታ ሄዷል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል።

እናታችን በኑዛዜያቸው ለክቡርነታቸው ዘጠነኛውን ጥቅል ትተውላቸዋል። «የእርሱ ነው፤ ማንም እንዳይነጥቀው» ብለዋል። ዘጠነኛው የእርሳቸው ካልሆነ ስምንቱም የእርሳቸው እንዳልሆኑ የተናገሩት ግን ራሳቸው ናቸውና፣ ስምንቱ ዛሬ ወደ ባለቤታቸው ተመልሰዋል።

ያ የማይታየው፣ ትዕግሥት ላለው ብቻ የሚገለጠው፣ ተበትኗል የተባለው ዘጠነኛ ደመና አልተበተነም። ኅዳር 4 ቀን 1969 ዓ.ም. ሦስት ኪሎ ከሁለት መቶ ግራም ሆኖ ተወልዷል። ዛሬ አርባ ሰባት ዓመቷ ነው። ይህን የሕይወት ታሪክ የጻፈችውና አሁን ፊታችሁ ቆማ የምታነበው እርሷ ናት።

እናታችን አንዲት ሴት ልጅ፣ ሁለት የልጅ ልጆችና ከጋላክሲው ጠለል በላይ በሰላም የሚጓዙ ስምንት ደመናዎችን ትተው አልፈዋል። ፈጣሪ ነፍሳቸውን መርፌ ሁሉ እውነት በሚናገርበት ስፍራ ያኑርልን፤ ለሸኛችኋቸው ሁሉ ብድራችሁን ይክፈልልን።

በመርሐ ግብሩ መሠረት ቀጥሎ ንግግር የሚያደርጉት ክቡርነታቸው ናቸው። ማይክሮፎኑ ክፍት ነው።